የአባባ የሕይወት ታሪክ ላይ ስንት ልጅ ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አያቴ ያረፉት ከአራት ወር በፊት ነው። 83 ዓመታቸው ነበር። ድሬዳዋ ነዋሪ ናቸው፤ በምድር ባቡር ማሽኒስት፣ ማለትም ባቡር ነጂ ሆነው ከ1953 እስከ 1989 ሠርተዋል። እስከ አሥር ዓመቴ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አባባ ነው የምላቸው። ማታ ማታ ሙቀቱን ሸሽተን ግቢ ውስጥ ታጣፊ አልጋ ዘርግተን ስንተኛ፣ የጣቢያዎቹን ስም ከድሬዳዋ ጀምረው በተራ ያስጠሩኝ ነበር። አንዱን ከዘለልኩ እንደገና ከድሬዳዋ ነው የሚያስጀምሩኝ።

በቀብሩ ዕለት አጎቴ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ተነበበ። ‹ታታሪ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪና ለቤተሰባቸው አሳቢ ነበሩ› ይላል። ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ ነው የመሰለኝ። አሁን ለሙት ዓመታቸው ትንሽ መጽሔት ልናሳትም ነው፤ ‹አንተ ተምረሃል› ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛው፣ ቁጭ እላለሁ እንጂ መጻፍ አልቻልኩም። እኔም እንደ አጎቴ ‹ደግ ነበሩ› ብዬ እቆማለሁ። ሁለተኛው ይብሳል። አባባ አዋሽ ላይ ከሌላ ሴት የወለዷት ልጅ አለቻቸው። ከእማማ ጋር ከተጋቡ በኋላ ነው የተወለደችው። ቀብሩ ላይ መጥታ ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብላ ነበር፤ ‹እግዜር ያጽናሽ› ያላት ሰው ጥቂት ነው። እናቴና አክስቶቼ ‹የሷ ስም እንዳይገባ፣ እማማን ትገድላታለህ› ብለውኛል። አምስት ልጆች ልበል ወይስ ስድስት?»

ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናችሁ። የአባባን ነፍስ ይማር።

አጎትህን አትውቀሰው። የቀብር ዕለት የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ሌሊት ነው። ድንኳን እየተተከለ፣ የዕድር ጥሩምባ እየተነፋ፣ ስልክ እየጮኸ፣ እስክርቢቶ እጁ ላይ የተቀመጠበት ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሞላው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ከዚያ ታታሪ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ ይደረደራል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ ሰነፍ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ ውሸት መሆኑ አይደለም። አባባ በእርግጥ ደግ ይሆናሉ። ስማቸውን አውጥተህ የጎረቤታቸውን ብትተካበት ግን ወረቀቱ ምንም አይጎድለውም።

ድሮ አልቃሾች ከዚህ ይሻሉ ነበር። ጥሩ አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው? ምን ሠርቶ ያውቃል? በምን ይታማል፣ በምን ይወደሳል? ማንን ትቶ ሄደ? ከዚያ ነው የምትገጥመው። የገጠመችው ለዚያ ሟች ብቻ ነው፤ ሌላ ለቅሶ ላይ አይሠራም። በነገራችን ላይ፣ በአባባ ለቅሶ ላይ ግጥም ያወረደች እናት ከነበረች ፈልገህ አግኛትና ጻፈው። ሁለት ስንኝም ቢሆን። መጽሔቱ ውስጥ ይገባል።

አንተ መጻፍ ያልቻልከው ስንፍና ይዞህ አይመስለኝም። ደብዳቤህን ሳነበው ገብቶኛል። አንተ የምታውቀው ጡረተኛውን አባባን ነው። ታጣፊ አልጋ ላይ ተኝተው ጣቢያ የሚያስጠሩትን። ሐዲድ ላይ ያለፈውን 36 ዓመት አታውቀውም። በ1953 ሥራ የገባውን፣ ገና 19 ዓመት የሆነውን ልጅ አታውቀውም። ስለማያውቁት ሰው ሲጽፉ ደግሞ ከቅጽል ሌላ ምን ይገኛል?

ስለዚህ ድሬዳዋ ሂድ። ከለቡ በአዲሱ ባቡር ብትሄድ ደስ ይለኛል፤ አባባ ያሽከረክሩበት የነበረው መስመር ባይሆንም አገሩን በመስኮት ታየዋለህ። መጀመሪያ እማማን፣ ቀጥሎ በሕይወት ያሉትን የሥራ ባልደረቦቻቸውን ፈልግ። የአባባ እኩዮች ዛሬ ከሰማንያ አይርቁም። «ፋሲካ ላይ እሄዳለሁ» የምትል ከሆነ ተው። አሁን ሂድ።

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አትጠይቅ። ሁለት ሦስት ሆነው ሲቀመጡ ነው ወሬው የሚወጣው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል፣ ይጨቃጨቃሉ፤ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ጭቅጭቁን ነው። ድሬ ላይ ይህ የሚገኘው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ቃም አላልኩም። ለስላሳህን ይዘህ ጥግ ቁጭ በል።

«አባባ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለህ እንዳትጠይቅ። መልሱን ታውቀዋለህ፤ «ደግ፣ በጣም ደግ» ይሉሃል። ይልቅ እንዲህ ያለውን ጠይቅ፦ ደሞዝ የተቀበሉ ቀን መጀመሪያ የት ይሄዱ ነበር? ከማን ጋር ተኳርፈው ያውቃሉ? በምን? ማን አስታረቃቸው? ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ባቡር የነዱ ቀን ማን አብሯቸው ነበር? ሥራ ላይ ቅጽል ስማቸው ማን ነበር? ምድር ባቡር የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነበር። አባባ ፈረንሳይኛውን ከየት ለቀሙት? የሚያውቁትስ ስድቡን ብቻ ነበር ወይስ ሪፖርትም ይጽፉ ነበር?

አንድ ጥያቄ ደግሞ አትርሳ። እንዴት ድሬዳዋ ደረሱ? ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከተማዋም ከባቡሩ ጋር ነው የተቆረቆረችው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ፈጅቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ ሁሉም ሐዲዱን ተከትሎ ድሬ ገብቷል። አባባም ከአንድ ቦታ መጥተው ይሆናል፤ እዚያው ተወልደው ከሆነም ወላጆቻቸው መጥተዋል። ከማን ጋር? ምን ይዘው? ማን ዘንድ አረፉ? የአጎትህ ወረቀት ይህን «ወደ ድሬዳዋ በመምጣት» ብሎ በሦስት ቃል አልፎት ይሆናል። እኔ ብሆን ሙሉ ገጽ እሰጠዋለሁ።

ዓመተ ምሕረት ሲጠፋባቸው አትጨነቅ። ሽማግሌ ዓመት ባያስታውስ ዘመን ያስታውሳል። «ከአብዮቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በል። «ከሶማሊያ ጦርነት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በል። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ አፋፍ የደረሰው ነሐሴ 1969 ነው፤ ያኔ መስመሩ ተቆርጦ፣ ድልድይ ፈርሶ ነበር። አባባ ያንን ጊዜ የት አሳለፉት? ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ከማሽኒስቶቹ ያን ዕለት የት እንደነበረ የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ይህን ግን ቀስ ብለህ ጠይቅ። ዝም ካሉህ አትጎትጉታቸው። የደቻቱ ጎርፍ ድሬን የመታው 1998 ክረምት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረ ፎቶና ወረቀት የስንት ሰው ቤት ጠርጎ ወስዷል። የናንተ ተርፎ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ።

ወረቀት ካልኩ አይቀር የጡረታ ደብተራቸውን አውጣ። የተቀጠሩበት ቀን እዚያ ላይ ሊገኝ ይችላል። መታወቂያቸው ላይ ያለውን የልደት ቀን ግን አትመነው። የዚያ ዘመን ሰው ልደት በግምት ነው የተሞላው። የጀርባ ጽሑፍ ያለው ፎቶ ካለ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሣ። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሣው፤ የስልክህን ፍላሽ አጥፋ፣ ያብለጨልጫል። እማማን ስታነጋግር ስልክህን ሬኮርድ ላይ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና እርሳው። እሳቸው ግን ይወቁት፤ ሳያውቁ መቅዳት ነውር ነው። ማታ ከመተኛትህ በፊት ቅጂውን ቴሌግራምህ ላይ ለራስህ ላከው፣ ለአንድ የአጎትህ ልጅም ላከው። ስልክ ይሰረቃል።

አሁን ወደ ከባዱ።

የምትጽፈው መጽሔት ላይ «የአምስት ልጆች አባት» ብለህ ብታትም ውሸት አትመሃል። በግልጽ ልንገርህ። የቀብሩ ወረቀት ሌሊት የተጻፈ ነው፣ ይታለፋል። ይህኛው ግን ይቀመጣል። የልጅ ልጆችህ ሳጥን ውስጥ ያገኙታል። አዋሽ ያለችው ሴትዮም አንድ ቀን እጇ ይገባል። ድንኳን ጥግ መቀመጥ አንድ ነገር ነው። አባቷ በማተሚያ ቤት ቀለም አምስት ልጅ ብቻ እንደነበራቸው ማንበብ ደግሞ ሌላ ነው።

ግን «ስድስት» ብለህ ብቻህን ጽፈህ ማተሚያ ቤት ብታስገባም ጥፋት ነው። የአንተ አባት አይደሉም፣ አያትህ ናቸው። ጉዳዩ የእማማ፣ የልጆቻቸውና የራሷ የሴትየዋ ነው። አንተ እስክርቢቶ ይዘሃል እንጂ አልተሾምክም።

እኔ ብሆን በዚህ ተራ እሄዳለሁ። መጀመሪያ እሷን አነጋግራለሁ። ማንም እሷን ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስሟ እንዲገባ ትፈልግ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ምናልባት እናቷ በሕይወት አለች። ምናልባት ባሏ ቤት ሌላ ታሪክ ነው የሚታወቀው። ምናልባት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስልክ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ደውልላት፣ «አክስቴ» በላት። ቃሉ አፍህ ላይ ይከብድህ ይሆናል፤ በላት ብቻ። ከመጽሔቱ በፊት «የቀብሩ ዕለት መጥቼ ሳላናግርሽ ቀረሁ» ማለት ካለብህ በል። ከዚያ ስለ አባባ የምታስታውሰውን ጠይቃት። ቤተሰቡ ውስጥ ማንም የሌለው የአባባ ትዝታ እሷ ጋ ነው ያለው። አዋሽ የሚያድሩት አባባ ድሬዳዋ ከሚያድሩት ጋር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሲመጡ ምን ይዘው ይመጡ ነበር? በስንት ጊዜ? መቼ ቀሩ?

ቀጥሎ እማማ። ብቻቸውን፣ አክስቶችህ በሌሉበት። ልጆች እናታቸውን መጠበቅ ይወዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጠብቁት ራሳቸውን ነው። ባለቤቷ በየሳምንቱ አዋሽ እያደረ የሚመለስ፣ ስንት አሥርት ዓመት በትዳር የኖረች የድሬ ሴት ይህን አትሰማም ብለህ ነው? ሰምተዋል። ቀብሩ ላይም ልጅቷን አይተዋታል። ያልተነጋገሩበት ነገር ነው እንጂ ያልታወቀ ነገር አይደለም። እንዳትጀምር ግን «እማማ፣ የአዋሿን ልጅ ላስገባ?» ብለህ። ቡና አፍሉልኝ በል። ስለ አባባ ጠይቅ። ወደ አዋሽ ሲደርሱ ዝም በል። እሳቸው ከከፈቱት፣ ያን ጊዜ «መጽሔቱ ላይ ምን እንዲባል ይፈልጋሉ?» በላቸው። ምናልባት ያኮርፋሉ። ምናልባት ያለቅሳሉ። ምናልባትም «ልጁ ናት፣ ምን አባቷ ታድርግ፣ ጻፋት» ይሉሃል። ከእንዲህ ዓይነት አሮጊት አፍ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

«አይሆንም» ካሉህስ? እማማ በሕይወት ያሉ መበለት ናቸው፤ በእሳቸው ላይ የማሸነፍ መብት የለህም። ያን ጊዜ ቁጥሩን አውጣው። አምስትም አትበል፣ ስድስትም አትበል። «ልጆችና የልጅ ልጆች አፍርተዋል» በልና እለፍ። የስም ዝርዝሩንም በሙሉ አስቀር፤ የአምስቱን ስም ደርድረህ ስድስተኛዋን ብትተው ያው ውሸት ነው። ዝም ማለት ከመዋሸት ይለያል። የቀዳኸውን፣ የጻፍከውን ሁሉ ደግሞ በሌላ ደብተር ሙሉውን አስቀምጥ። ያኛው ለቤተሰብ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይነበባል።

አክስቶችህን መጨረሻ ላይ አናግር። «እማማን ትገድላታለህ» ካሉህ፣ እማማ ያሉትን ትነግራቸዋለህ። እና እስቲ ሆድህን ጠይቅ፤ እነሱስ የሚፈሩት የእማማን ልብ ብቻ ነው? ቤት አለ? የድሬ ቤት ዛሬ ዋጋ አለው። ውርሱ ከሆነ የሚያሳስባቸው፣ ስሟን ከመጽሔት መሰረዝ ምንም አያተርፍላቸውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ያስቀምጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ልጆች በእኩል ነው የሚወርሱት። መብቷ የሚመነጨው ከመወለዷ ነው፣ ከናንተ ሕትመት አይደለም። ክርክር ካለ በፍርድ ቤት፣ በማስረጃ ይታያል። ይህን በቁጣ አትንገራቸው። ጠበቃ ያማክሩ በል፤ ከአንተ ይልቅ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልወደድከው ተወው። አንተ ራስህ የመጽሔቱን መዋቅር ደብዳቤህ ላይ ጽፈኸዋል። ጣቢያዎቹ። ድሬዳዋ፣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ መኢሶ፣ አዋሽ እያልክ እስከ ለገሃር። ከ«ተወለዱ» ጀምረህ «አረፉ» ላይ ከምትጨርስ፣ ለምን በየጣቢያው አትሄድም? ሁርሶ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ሽማግሌዎቹ ይነግሩሃል። አፍደም ላይ ባቡሩ በሌሊት ቆሞ ይሆናል። መኢሶ ላይ የሚበሉት ምግብ ይኖራል። ለገሃር ደግሞ አዲስ አበባ ሲገቡ ነው፤ ዘመድ የሚያገኙበት፣ ለእማማ ጨርቅ የሚገዙበት። የሌለህን ጣቢያ በስሙ ብቻ እለፈው። አባባ አንዱን ከዘለልክ ከድሬዳዋ ነው የሚያስጀምሩህ ብለሃል። አዋሽም ጣቢያ ናት። ስም ባይጻፍ እንኳ አዋሽ ያድሩ እንደነበር መጻፍ ማንንም አይገድልም።

ርዝመቱ አያሳስብህ። ሁለት ዓይነት አዘጋጅ። ቤተ ክርስቲያን ላይ ወይም ተዝካሩ ላይ የሚነበበው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሰው ጠዋት ተነሥቶ፣ ቆሞ፣ ርቦት ነው የሚሰማው። ረጅሙ ለመጽሔቱ ነው። «ታታሪ» የሚለው ቃል ሊገባ ሲል ሰርዘውና አንድ ቀን ጻፍበት። ምሳሌ ልስጥህ፤ ከደብዳቤህ የወሰድኩት ነው፦ «ማታ ታጣፊ አልጋቸውን ግቢ ውስጥ ይዘረጋሉ። አጠገባቸው የኔን። ከዚያ ሐዲዱን ያስጠኑኛል። እንቅልፍ ይዞኝ አፍደምን ከዘለልኩ፣ ‹ተመለስ› ይላሉ።» አራት መስመር ነው። ደግ የሚል ቃል የለበትም።

ውጭ ያሉት ዘመዶቻችሁ እንግሊዝኛውን ልናዘጋጅ ካሉ ዓመቱን ራስህ ቀይርላቸው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት ዓመት ይጨመራል፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት። ብዙ ሰው ሁሉም ላይ ስምንት እየደመረ የአባቱን ልደት በአንድ ዓመት ያዘገየዋል።

የክርስትና ስማቸውን ከእማማ ወይም ከንስሐ አባታቸው ጠይቅ። ካህናቱ ለጸሎቱ የሚፈልጉት እሱን ነው፤ ሙት ዓመቱ ጠዋት ላይ «ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ቤተሰቡ ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ ስንቴ አይቻለሁ። ስም ሁሉ፣ የእማማም የልጆቹም፣ ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል ይሁን፤ ሃሌታው ሀ ከሐመሩ ሐ ጋር እንዳይምታታብህ። የአዋሿ አክስትህ ስም የሚገባ ከሆነ ረቂቁን ራሷ ትየው። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድህ በፊት ደግሞ እማማ አጠገብ ቁጭ ብለህ ሙሉውን ጮክ ብለህ አንብብላቸው፣ እርማታቸውንም እዚያው ጻፍ። የሚያርሙት ብዙ ይሆናልና ለሕትመቱ ሁለት ሳምንት ተርፎህ ሂድ።